ከክንድ እስከ ልብ፤ የቬርነር ፎርስማን የሕይወት ታሪክ

የሚከተለው ምንባብ የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ነው። የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ የባለታሪኩ ልደት፣ ትምህርት፣ ሥራና ሞት በጊዜ ቅደም ተከተል ይነገራል። ሆኖም ሁሉም ነገር በእኩል መጠን አይተረክም። በባለታሪኩ ሕይወት ውስጥ ከሁሉ የላቀ ቦታ ያለው ድርጊት ሰፋ ተደርጎ ሲቀርብ፣ የቀረው በአጭሩ ይታለፋል። ምንባቡን በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከግርጌው የተሰጡትን መልመጃዎች ሥሩ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንባብ

የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች በግራ እጃችሁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ብታሳርፉ፣ ከቆዳው ሥር አንድ ነገር ደጋግሞ ሲመታ ይሰማችኋል። ይህ ትርታ ከልብ የመጣ ነው። ልብ ደምን በገፋ ቁጥር ግፊቱ በደም ሥር ውስጥ ተጉዞ እስከ እጅ አንጓ ይደርሳል። ሐኪሞችም ከጥንት ጀምሮ ጣታቸውን በዚህ ስፍራ እያሳረፉ የልብን ሁኔታ ከሩቅ ሲከታተሉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ በክንድ የደም ሥር ውስጥ ቱቦ ተጉዞ ከሕያው ሰው ልብ ሊደርስ መቻሉን በገዛ አካሉ ላይ ፈትኖ በራጅ ሥዕል ያረጋገጠ ሰው እስኪገኝ ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ። ያ ሰው ቬርነር ፎርስማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው።

ፎርስማን በነሐሴ ወር 1904 በርሊን ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ብቸኛ ልጅ ነበር። አባቱ የሕግ ባለሙያ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1916 በጦር ሜዳ ወደቀ። በዚያን ጊዜ ልጁ ገና 12 ዓመት አካባቢ ነበር። ከዚያ በኋላ የማሳደጉ ሸክም በእናቱና በአያቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። እናቱ እየሠራች ልጇን አስተማረች። ፎርስማንም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ በ1922 ወደ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ገባና የሕክምና ትምህርት ጀመረ።

ተማሪ ሳለ የተመለከተው አንድ ሥዕል ከአእምሮው አልጠፋ አለ። ሥዕሉ ሾቮና ማሬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት በ19ኛው መቶ ዓመት ያደረጉትን ሙከራ የሚያሳይ ነበር። እነዚህ ሊቃውንት በፈረስ አንገት ላይ ባለ የደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ፈረሱ ልብ ድረስ አስገብተው በልቡ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክተዋል። ፈረሱም በዚህ ምክንያት አልሞተም። ፎርስማን ይህን ሥዕል ባሰበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስበት ነበር። ይኸውም በፈረስ ላይ የተቻለው ነገር በሰው ላይ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው የሚል ነው።

በዚያን ዘመን ልብ ሊነካ የማይገባው አካል ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የሕያው ሰው ልብ ውስጡ በባዕድ ነገር ከተነካ ወዲያውኑ መምታቱን ያቆማል የሚል ፍርሃት በሐኪሞች ዘንድ ጸንቶ ይኖር ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ልቡ ሊቆም የተቃረበ ሕመምተኛ ሲያጋጥም መድኃኒቱ በረዥም መርፌ የደረትን ግድግዳ ዘልቆ በቀጥታ ልብ ውስጥ ይሰጥ ነበር። ይህ አሠራር እጅግ አደገኛ ነው። መርፌው ሳንባን ሊበሳ ወይም በልብ ዙሪያ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሊቀድ ይችላል። ስለዚህ ፎርስማን ደረትን ሳይወጉ መድኃኒትን ከልብ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ለመፈለግ ተነሣሣ።

መንገዱንም በክንድ አገኘው። በሰው አካል ውስጥ ሁለት ዓይነት ዐበይት የደም ሥሮች መኖራቸውን በሳይንስ ትምህርታችሁ ተምራችኋል። ደም ቅዳ የሚባሉት ደምን ከልብ ወደ አካል ያደርሳሉ፤ ደም መልስ የሚባሉት ደግሞ ደምን ከአካል ወደ ልብ ይመልሳሉ። በክርን መታጠፊያ ላይ ከቆዳው ሥር ጎልቶ የሚታየው ሥር ደም መልስ ነው። ይህ ሥር ወደ ላይ በብብት በኩል አልፎ፣ ከትከሻና ከአንገት ሥር ከሚመጡት ሥሮች ጋር እየተገናኘና እየሰፋ ሄዶ፣ በመጨረሻ ደሙን በልብ የቀኝ የላይኛው ክፍል ያፈሳል። ስለሆነም በክርን በኩል የገባ ቱቦ የደሙን ፍሰት ተከትሎ ቢገፋ ከልብ መድረስ እንዳለበት ፎርስማን ገመተ።

በ1929 ፎርስማን ከበርሊን ብዙም በማትርቀው በኤበርስቫልደ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሥልጠናውን ጀመረ። ዕድሜው 25 ዓመት ገደማ ነበር። ሐሳቡን ለሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና አለቃ አስረድቶ ፈቃድ ጠየቀ። አለቃው ሐሳቡን ባይንቅም፣ ሙከራው በሕመምተኛ ላይ እንዲደረግ አልፈቀደም። ፎርስማን በራሱ ላይ ልሞክረው ብሎ ሲጠይቅም በብርቱ ከለከለው። ወጣቱ ሐኪም ግን ከሐሳቡ አልተመለሰም።

ለሙከራው የሚያስፈልጉት ንጹሕ መሣሪያዎች ተቆልፎባቸው የሚቀመጡ ሲሆን፣ ቁልፉ ያለው በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ እጅ ነበር። ፎርስማን ይህችን ነርስ ለብዙ ቀናት እየቀረበ ስለ ሐሳቡ አስረዳት። እርስዋም በነገሩ ከማመንዋ የተነሣ ሙከራው በእርስዋ ላይ እንዲደረግ ፈቃደኛ ሆነች። አንድ ቀን ሌሎች ሠራተኞች በሌሉበት ሰዓት ሁለቱ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ተገናኙ። ፎርስማን ነርስዋን በጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ እጅና እግርዋን በማሰሪያ አሰረ፤ ክንድዋንም አዮዲን ቀባ። ከዚያ በኋላ ከዓይንዋ ራቅ ብሎ የገዛ ራሱን የግራ ክንድ በማደንዘዣ አደነዘዘ፤ ቆዳውን ሠንጥቆ የደም ሥሩን ካገኘ በኋላ፣ ለሽንት ቧንቧ ምርመራ የሚያገለግለውን ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ወደ ላይ መግፋት ጀመረ። ነርስዋ መታለልዋን ያወቀችው ቱቦው በእርሱ ክንድ ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር።

ቱቦው ወደ ላይ ሲጓዝ ፎርስማን የተሰማው ሕመም አልነበረም። በደም ሥሩ ውስጥ የሙቀት ስሜት ተሰማው፤ ቱቦው ከአንገቱ ሥር ሲደርስም ትንሽ ሳል ሳል አለው። ይሁን እንጂ ቱቦው የት እንደ ደረሰ በዓይን ካልታየ በቀር ሙከራው እንደ ተሳካ ማንም ሊያምን አይችልም። ስለዚህ የነርስዋን ማሰሪያ ፈታላትና ቱቦው በክንዱ ውስጥ እንዳለ፣ በእግሩ እየተራመደና ደረጃ እያለፈ፣ ከእርስዋ ጋር ወደ ራጅ ክፍል ሄደ። አንድ የሥራ ባልደረባው ይህን ሰምቶ በድንጋጤ እየሮጠ መጥቶ ቱቦውን ከክንዱ ለመንቀል ቢሞክርም ፎርስማን አልበገርም አለ። በራጁ ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ የሰሌዳውን ሥዕል በመስተዋት እየተመለከተ፣ ቱቦውን እየገፋ ቀጠለ። ወደ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ከገባ በኋላ የቱቦው ጫፍ በልቡ የቀኝ የላይኛው ክፍል ውስጥ ታየ። ወዲያውኑም የራጅ ፎቶግራፍ ተነሣ። ልቡም እንደ ወትሮው ይመታ ነበር።

የሆስፒታሉ አለቃ ትእዛዙ በመጣሱ ቢቈጣም፣ ፎቶግራፉን ተመልክቶ የነገሩን ታላቅነት ከመገንዘብ አልተመለሰም። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ፎርስማን በሞት አፋፍ ላይ ለነበረች አንዲት ሕመምተኛ በዚሁ መንገድ መድኃኒት እንዲሰጥ ፈቀደ። የሕመምተኛዋ ሁኔታ ለጥቂት ጊዜ ከተሻለ በኋላ ሕይወትዋ አለፈ። ቢሆንም መድኃኒት በክንድ በኩል ከልብ ሊደርስ መቻሉ ታወቀ። ፎርስማን የሙከራውን ውጤት ጽፎ በኅዳር ወር 1929 በታወቀ የጀርመን የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ።

ይህን ያደረገ ሰው ወዲያውኑ ክብርና ሹመት ያገኛል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ፎርስማን ሻሪቴ ወደተባለው የበርሊን ታላቅ ሆስፒታል ተዛውሮ፣ በዘመኑ እጅግ ከታወቀው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ከፈርዲናንድ ዛወርብሩኅ ሥር መሥራት ጀምሮ ነበር። ጽሑፉ በወጣ ጊዜ ግን ጋዜጦች ነገሩን እንደ ጉድ አወሩት። ሌላ ሐኪምም ይህን ሥራ ከእርሱ በፊት ሠርቼዋለሁ ብሎ ክስ አቀረበ። ዛወርብሩኅም ሙከራውን ከቁም ነገር ሳይቈጥር ወጣቱን ሐኪም ከሥራው አሰናበተው።

ፎርስማን ግን ምርምሩን ለጥቂት ጊዜ ቀጠለ። በዚህ ወቅት ያሰበው ነገር በቱቦው በኩል በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ልብ ውስጥ በመርጨት የልብን ውስጣዊ ቅርጽ ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። ይህንንም አስቀድሞ በእንስሳት ላይ ሞከረው፤ ለሙከራው የሚጠቀምባቸውን ውሾች በመኖሪያ ቤትዋ ያስቀመጠችለት እናቱ ነበረች። ከዚያም በኋላ እንደ ልማዱ በራሱ ላይ ሞከረው። በ1931 የደረሰበትን ውጤት አቀረበ፤ ነገር ግን በጊዜው የነበሩት የራጅ መሣሪያዎች ደካሞች ስለነበሩ ከራሱ ልብ ግልጽ ሥዕል ሊያገኝ አልቻለም። ሊቃውንቱም ጆሮ አልሰጡትም።

በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ የልብን ምርምር ተወውና የሽንት ቧንቧ በሽታዎች ሐኪም ለመሆን ሠለጠነ። ማይንትስ በተባለች ከተማ ሲሠራ ኤልስቤት ኤንግል ከተባለች ሐኪም ጋር ተዋውቆ በ1933 ተጋቡ። አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

በዚህ ስፍራ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ፎርስማን በ1932 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። ይህ ፓርቲ በጀርመንና በመላው አውሮፓ ያደረሰው እልቂት የታወቀ ስለሆነ፣ ይህ ምርጫው በሕይወት ታሪኩ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጦር ሐኪምነት አገለገለ፤ በጦርነቱ ፍጻሜም በአሜሪካውያን እጅ ተማረከ። ከምርኮ ሲለቀቅ በፓርቲ አባልነቱ ምክንያት ለጥቂት ዓመታት የሕክምና ሥራ እንዳይሠራ ተከለከለ። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ሽቫርትስቫልድ በተባለው ደናማ አገር፣ በአንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ በችግር ኖረ። በኋላም ከባለቤቱ ጋር የገጠር ሐኪም ሆኖ ሠራ። በ1950 ባድ ክሮይትስናኅ በተባለች ከተማ በሽንት ቧንቧ ሐኪምነት ሥራ ጀመረ።

ፎርስማን የሞከረውን ነገር እርሱ ራሱ ቢተወውም ሌሎች አንሥተውት ነበር። አንድሬ ኩርናን የተባለ ትውልደ ፈረንሳዊ ሐኪምና ዲክንሰን ሪቻርድስ የተባለ አሜሪካዊ ባልደረባው በኒው ዮርክ ከተማ በቤልቪው ሆስፒታል ስለ ልብና ስለ ሳንባ ሥራ ሲመረምሩ፣ ከልብ ውስጥ በቀጥታ ደም ቀድቶ መመርመር አስፈለጋቸው። ፎርስማን በ1929 የጻፈውን ጽሑፍ አገኙና አሠራሩን አሻሽለው ከ1941 ጀምሮ በሕመምተኞች ላይ ተጠቀሙበት። በዚህም መንገድ በልብ ውስጥ ያለው የደም ግፊት ተለካ፤ ልብ በየደቂቃው የሚገፋው የደም መጠን ታወቀ፤ ከውልደት ጀምሮ ያሉ የልብ ጉድለቶችም ከቀዶ ሕክምና በፊት ሊለዩ ቻሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ በ1956 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ለኩርናን፣ ለሪቻርድስና ለፎርስማን በአንድነት ተሰጠ። ሙከራው ከተደረገ 27 ዓመት ሆኖት ነበር። በባድ ክሮይትስናኅ የሽንት ቧንቧ ሕመምተኞችን እያከመ በጸጥታ የሚኖረው የ52 ዓመት ሐኪም በአንድ ቀን ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰማ። በዚያው ዓመት የማይንትስ ዩኒቨርሲቲ የክብር ፕሮፌሰርነት ማዕርግ ሰጠው። በ1958ም በዱስልዶርፍ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆነ። ከዚያም ሥራውን በጡረታ እስከ ተወበት ጊዜ ድረስ የኖረው በቀዶ ሐኪምነት እንጂ በልብ ተመራማሪነት አልነበረም። በመጨረሻም ሰኔ 1 ቀን 1979 ሾፕፍሃይም በተባለች ከተማ በልብ ሕመም ምክንያት በ74 ዓመቱ ዐረፈ።

ፎርስማን የከፈተው መንገድ ግን በእርሱ ሞት አልተዘጋም። እርሱ ያለፈበት ሥር ደም መልስ በመሆኑ የሚያደርሰው ከልብ ቀኝ ክፍል ነው። የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ደም ቅዳዎች የሚነሡት ግን ከልብ ግራ ክፍል ከሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ነው። እነዚህ ሥሮች በስብ ሲጠብቡና ሲደፈኑ ሰው በልብ ድካም ድንገት ይወድቃል። ከእነርሱም ለመድረስ በደም ቅዳ በኩል፣ የደሙን ፍሰት ተቃውሞ መጓዝ ያስፈልጋል። በ1958 ሜሰን ሶንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በክርን አጠገብ ባለው ደም ቅዳ በኩል ቱቦ አስገብቶ የእነዚህን ሥሮች ሥዕል ለማንሣት ቻለ። በ1977 ደግሞ ጀርመናዊው አንድሬያስ ግሩንትሲግ በስዊዘርላንድ አገር በዙሪክ ከተማ በቱቦ ጫፍ ላይ የታሰረ ትንሽ ፊኛ በመንፋት፣ ደረት ሳይከፈት፣ የጠበበውን የልብ ደም ቅዳ አሰፋ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች በብዛት ይጠቀሙበት የነበረው በብሽሽት አጠገብ ያለውን ትልቅ ደም ቅዳ ነው። ይህ ሥር ሰፊ ስለሆነ ቱቦ ለማስገባት ይመቻል፤ ነገር ግን ጠልቆ የሚገኝ በመሆኑ ቱቦው ከወጣ በኋላ ደሙን ማቆም ያስቸግራል፤ ሕመምተኛውም ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ መተኛት አለበት። ስለዚህ ሉሲየን ካምፖ የተባለ ካናዳዊ ሐኪም በሞንትሪያል ከተማ የልብን ሥሮች ሥዕል በእጅ አንጓ ደም ቅዳ በኩል በ100 ሕመምተኞች ላይ አንሥቶ ውጤቱን በ1989 ይፋ አደረገ። በ1992ም ፈርዲናንድ ኪመናይ የተባለ ሐኪም በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ የጠበበ የልብ ሥርን በዚሁ በኩል ለማስፋት ቻለ።

የእጅ አንጓ ደም ቅዳ ቀጭን ቢሆንም ሁለት ታላላቅ ጥቅሞች አሉት። አንደኛ፣ ከቆዳው ሥር በአጥንት ላይ ተደግፎ ስለሚገኝ በመጫን ብቻ ደሙ ሊቆም ይችላል። ሁለተኛ፣ ለእጅ መዳፍ ደም የሚያመጡት ደም ቅዳዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በአውራ ጣት በኩል፣ ሁለተኛው በትንሿ ጣት በኩል መጥተው በመዳፍ ውስጥ ይገናኛሉ። ስለሆነም አንዱ ቢደፈን አብዛኛውን ጊዜ ሌላው እጅን ይመግባል። ከ2000 ወዲህ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች በዚህ መንገድ የሚታከሙ ሰዎች የመድማት አደጋ እንደሚቀንስላቸው አሳይተዋል። ከእነዚህ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ከሕክምናው በኋላ ሳይዘገዩ ተነሥተው በእግራቸው ይሄዳሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም አንዳንድ ሐኪሞች ከአንጓው ዝቅ ብለው፣ በእጅ ጀርባ በአውራ ጣት ሥር ባለው ጎድጓዳ ስፍራ በኩል ቱቦ ማስገባት ጀምረዋል።

የፎርስማን ሕይወት በሁሉም ረገድ ለአርአያነት የሚጠቀስ አይደለም። የአለቃውን ትእዛዝ ጥሷል፤ የታመነችበትን ነርስ አታሏል፤ በፖለቲካም ክፉ ወገን መርጧል። ይሁን እንጂ አደጋውን በሌላ ሰው አካል ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ መጀመሩ፣ ያየውንም በማስረጃ አረጋግጦ መጻፉ ሥራውን ከመረሳት አድኖታል። በንቀት የተጣለው ጽሑፍ ባሕር ተሻግሮ ሌሎች ሰዎች እጅ ባይገባ ኖሮ፣ በእርሱ አማካይነት የተገኘው እውቀት ምን ያህል በዘገየ ነበር። ዛሬ በእጅ አንጓው ላይ ትንሽ ፋሻ ታስሮለት ከሆስፒታል በእግሩ የሚወጣው ሕመምተኛ የፎርስማንን ስም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ሆኖም ልቡን ያዳነለት መንገድ ከተጀመረበት ስፍራ አንዱ ያ የኤበርስቫልደ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ፎርስማን ለሙከራው ያነሣሣው ሥዕል ምን የሚያሳይ ነበር?
2. በዘመኑ መድኃኒትን ከልብ ለማድረስ የሚደረገው አሠራር አደገኛ የሆነው ለምንድን ነው?
3. ፎርስማን ቱቦው በክንዱ ውስጥ እንዳለ ወደ ራጅ ክፍል መሄድ ለምን አስፈለገው?
4. በደም መልስ በኩል የገባ ቱቦ የልብን ጡንቻ ከሚመግቡት ሥሮች ሊደርስ የማይችልበትን ምክንያት አስረዱ።

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ካላቸው ፍች ጋር በሚስማማ መንገድ በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
በጥሞና፤ በሞት አፋፍ ላይ፤ ጆሮ አልሰጡትም፤ ጥቁር ነጥብ፤ ማዕርግ።

ሐ. ከምንባቡ ውስጥ «ስለ» የሚለው መስተዋድድ ከግሥ ጋር ተጣምሮ ምክንያትን የሚያመለክትባቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ። በእያንዳንዱም ውስጥ ምክንያቱንና ውጤቱን ለዩ።

መ. ድርሰት። ፎርስማን ነርስዋን ማታለሉና የአለቃውን ትእዛዝ መጣሱ ተገቢ ነበርን? የምትደግፉትን ሐሳብ በምክንያት አስደግፋችሁ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።